ምዕራፍ ሰባት፦ ሶሌታው ምን ያህል ይሸከማል?

ዳታ ሴንተር ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት ብዙ ጊዜ የሚነሳው በእጁ ካለው ሕንፃ ነው። «ቦሌ ላይ ጥሩ ሕንፃ አለኝ፤ ሁለተኛውን ፎቅ ለሰርቨር ባውለውስ?» ይላል። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር ተሟልቶለታል፤ አካባቢውም የፋይበር መስመር አለው። ሐሳቡን ወደ ስትራክቸር መሐንዲስ ይዞ ሲሄድ ግን መሐንዲሱ ስለ መብራቱም ስለ ፋይበሩም አያነሳም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሶሌታው ምን ያህል ይሸከማል?

ለቢሮ የሚሠራ ሶሌታ ከራሱ ክብደት ሌላ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ እንዲሸከም ታስቦ ይነደፋል። ለሰው፣ ለጠረጴዛ፣ ለወንበርና ለፋይል ቁም ሣጥን ይህ ይበቃል። ሰርቨር የሚደረደርበት ራክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ የብረት ሣጥን በሰርቨር ሲሞላ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ ከዚያም አልፈዋል። የኤንቪዲያ ጂቢ200 ኤንቪኤል72 የሚባለው አንድ ራክ 1,360 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብቻውን የሚበላው ኃይልም 120 ኪሎዋት ያህል ነው።

ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው። ራኩ የሚያርፍበት ቦታ 0.72 ካሬ ሜትር ነው። 1,360 ኪሎን ለዚያ ስናካፍለው በካሬ ሜትር 1,890 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በእርግጥ ራክ ጎን ለጎን ቢደረደርም ከፊቱና ከኋላው መተላለፊያ አለው። ሁለት ረድፍ ራክ ከነመተላለፊያዎቹ 4.2 ሜትር ይወስዳል ብንል፣ ለአንድ ራክ የሚደርሰው የወለል ድርሻ 1.26 ካሬ ሜትር ይሆናል። አማካዩ ጭነት ያኔ ወደ 1,080 ኪሎ ይወርዳል። ቢወርድም የቢሮው ሶሌታ ከሚችለው አራት እጥፍ ገደማ ነው። ቲአይኤ 942 የሚባለውና በብዙ አገር የሚሠራበት የዳታ ሴንተር መመዘኛ ለሰርቨር አዳራሽ ወለል ቢያንስ በካሬ ሜትር 730 ኪሎ ያህል ይጠይቃል፤ የሚመክረው ግን 1,220 ኪሎ ገደማ ነው። ምክሩን ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ባለሀብት ከላይ ያለውን ስሌት ደግሞ ይሥራው።

ጭነት የሚያርፈው ወለሉ ላይ ብቻ አይደለም። በዛሬው ዳታ ሴንተር ኬብሉ፣ የኃይል መስመሩ፣ አንዳንዴም የማቀዝቀዣው ውኃ የሚያልፈው ከራኩ በላይ፣ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ነው። ውስጡ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ቧንቧ ውኃ ሲሞላ በአንድ ሜትር ርዝመት 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ግማሹን ያህል የሚመዝነው ብረቱ፣ ግማሹን ውኃው። መሄጃና መመለሻ ስለሚያስፈልገው ሁልጊዜ ሁለት ነው። ይህንን ሁሉ ከላይ ያለው ወራጅ ወይም ሶሌታ ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ግንባታ የለመደው አንድ ነገር ችግር ይሆናል። አብዛኛው ሕንፃችን ሶሌታው በጎድን፣ በጎድኑም መሃል ክፍት ብሎኬት ተሞልቶበት የተሠራ ነው። ክብደት ስለሚቀንስና ዋጋውም ስለሚቀንስ ለመኖሪያና ለቢሮ ተመራጭ ነው፤ ለዚያም በቂ ነው። ከሥሩ ከባድ ነገር ለማንጠልጠል ግን ቡሎኑ የሚገባው የት ነው? ባለሙያው በድሪል ሲበሳ ብሎኬቱን ካገኘ ቀዳዳው ክፍት ላይ ይወጣል፤ ቡሎኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጎድኑን ካገኘ ደግሞ ጠባቡ ጎድን ውስጥ ያለውን ፌሮ የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሥር ፕላስተር ስለተለሰነ ጎድኑ የት እንዳለ በዓይን አይታይም። አንድ ቧንቧ ለማንጠልጠል ሲባል የአንድ ፎቅ ጣሪያ በመዶሻ እየተንኳኳ ጎድን ሲፈለግ ማየት የተለመደ ነው። ለዳታ ሴንተር እንዲህ ዓይነቱን ሶሌታ ፈጽሞ አልመክርም። ድፍን አርማታ ይሁን።

የማይቀየሩት ሦስቱ

ሰርቨር ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል። ማቀዝቀዣውና ዩፒኤሱ ቢበዛ 20 ዓመት ቢያገለግሉ ነው። ሕንፃው ግን እኛ የምንከተለው የአውሮፓ ደንብ ለመደበኛ ሕንፃ እንደሚያስቀምጠው ለ50 ዓመት ታስቦ ይነደፋል። እንግዲህ ዛሬ አርማታ የሚሞላው ሰው ስምንት ወይም አሥር ትውልድ ሰርቨር የሚኖርበትን ቤት እየሠራ ነው። የአሥረኛው ትውልድ ራክ ምን እንደሚመዝን ማንም አያውቅም። ከ15 ዓመት በፊት በአንድ ራክ 5 ኪሎዋት ብዙ ነበር፤ ዛሬ 120 ነው።

ስለዚህ «ብረት ይሻላል ወይስ አርማታ?» ከሚለው በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ኋላ ልቀይረው የማልችለው ምንድን ነው? መስኮት ይዘጋል፣ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ቧንቧ ይነቀላል፣ ትራንስፎርመር ይጨመራል። ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ የማይነኩት ሦስት ናቸው፤ የወለሉ አቅም፣ ከወለል እስከ ወራጁ ሥር ያለው ነፃ ከፍታ፣ የዓምዶቹ ቦታ። የስትራክቸር ምርጫ ማለት በእነዚህ ሦስቱ ላይ ለ50 ዓመት የሚጸና ውሳኔ መስጠት ነው። በካሬ ሜትር ስንት ብር ይፈጃል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከሦስቱ ሁልጊዜ የሚረሳው የዓምዱ ቦታ ነው። አርክቴክቶቻችን ከአፓርታማና ከመኪና ማቆሚያ ባመጡት ልማድ በዓምድና በዓምድ መካከል 5 ወይም 6 ሜትር ይተዋሉ። የራኩ ረድፍ ግን በ4.2 ሜትር ነው የሚደጋገመው። 6 እና 4.2 አይስማሙም። አንደኛው ዓምድ በራኩ ረድፍ ውስጥ ይገባል፤ ያ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የአንድ ራክ ቦታ ብቻ ይበላል። ሁለተኛው ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት መተላለፊያ መሃል ይቆማል፤ ፊት ለፊቱ ያሉት ራኮች በራቸው ሙሉ አይከፈትም፤ ከባድ ሰርቨር የሚያነሳው ጋሪም አያልፍም። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቦታ ያርፋል። 8.4 ሜትር ቢሆን ኖሮ የ4.2 እጥፍ ነው፤ የ60 ሴንቲ ሜትር ራክም 14 ጊዜ ልክ ይገባበታል። ሁሉም ዓምድ በራኩ ረድፍ መሥመር ላይ ይውላል፤ መተላለፊያውም ነፃ ይሆናል። ይህን ለማስተካከል የሚጨመረው ሲሚንቶ ከባድ ወጪ አይደለም፤ የሚያስፈልገው አርክቴክቱ የመጀመሪያውን መሥመር ከማስመሩ በፊት ሰርቨር ከሚያስገባው ሰው ጋር መነጋገሩ ነው።

ከፍታውም እንዲሁ ነው። 2.2 ሜትር ራክ፣ በላዩ የኬብል መሰላል፣ በላዩ የኃይል መስመር፣ በላዩ ቧንቧ፣ በላዩ ትኩስ አየር የሚመለስበት ክፍት ቦታ ሲደመር 5 ሜትር ነፃ ከፍታ ብዙ አይደለም። የቢሮ ፎቅ ከሶሌታ እስከ ሶሌታ 3.5 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም የሚጨምር ምክንያት አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት 30 በመቶ ገደማ የበለጠ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ የአየር መተላለፊያውም በዚያው ልክ መስፋት አለበት። ከውጭ አገር እንዳለ የመጣ ንድፍ እዚህ ሲተከል በመጀመሪያ የሚያጥረው ይህ ከፍታ ነው።

የብረት ቤት

በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ አሽበርን አካባቢ በዓለም ላይ ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት ይገኛል። እዚያ የሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የብረት ዓምድና ወራጅ ያላቸው፣ ወይም ግድግዳቸው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ የመጣ የአርማታ ፓነል የሆነ ሰፋፊ አዳራሾች ናቸው። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ተከራዩ አስቀድሞ ውል ፈርሟል፤ አንድ ወር ቀደም ብሎ መክፈት ከብረቱ ዋጋ ልዩነት ይበልጣል። መሠረቱ እየተቆፈረ ሳለ ብረቱ በፋብሪካ ይቆረጣል፤ ሲደርስ በክሬን እየተነሳ በቡሎን ይታሰራል።

ብረት ሌላም መልካም ጠባይ አለው። ቀላል ስለሆነ መሠረቱን አያስጨንቅም፤ ዓምዶቹን አራርቆ ማቆም ያስችላል፤ ኋላ ተጨማሪ ጭነት ቢመጣ አዲስ ወራጅ በብየዳ ወይም በቡሎን ማከል ይቻላል። አርማታ ይህን በቀላሉ አይፈቅድም። በተለይ በውስጡ የተወጠረ ገመድ ያለው ስስ ሶሌታ ለዳታ ሴንተር አይመችም። ረጅም ርቀት በትንሽ ውፍረት ስለሚሻገር መሐንዲሶች ይወዱታል፤ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ለአዲስ ቧንቧ ቀዳዳ ለመብሳት ስንፈልግ የተወጠረውን ገመድ የመቁረጥ አደጋ ስላለ ማንም ኃላፊነት የሚወስድ አይገኝም።

ብረት የሚፈራው ሙቀትን ነው። እንደ አውሮፓው ደንብ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የነበረው ጥንካሬ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሕንፃ እሳት ደግሞ ወደዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ብረቱ በቦርድ፣ በሚረጭ ሽፋን ወይም ሲሞቅ በሚያብጥ ቀለም መሸፈን አለበት። ያ ሁሉ ተደምሮ ነው የብረት ቤት ዋጋ መታሰብ ያለበት። አርማታ በበኩሉ በፌሮው ላይ በቂ ሽፋን ካለው ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ለሰዓታት ይቋቋማል።

ስትራስቡርግ

ስትራክቸር ተራ የዋጋ ጉዳይ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ሌሊት አለ፤ መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.። ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የሚባለው ትልቅ የአውሮፓ ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ ዳታ ሴንተር ከእኩለ ሌሊት በኋላ በእሳት ተያያዘ። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ወደመ። አጠገቡ ያለው፣ ከመርከብ ኮንቴይነሮች የተሠራው ሌላ ሕንፃም በከፊል ተቃጠለ። ሰው አልሞተም። ኔትክራፍት የተባለው ተቋም እንደቆጠረው 3.6 ሚሊዮን ድረ ገጾች ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ፤ ከኩባንያው ደንበኞችም መካከል የጠፋው መረጃቸው ፈጽሞ ያልተመለሰላቸው ነበሩ።

የአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ በኋላ ያወጣው ዘገባ ለኛ ጉዳይ ትምህርት የሚሆን ነው። ወለልና ጣሪያው እንጨት ነበረበት፤ እሳትን ለአንድ ሰዓት እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራ። በራሱ የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ ሥርዓት አልነበረም። የመብራቱን ኃይል በአንድ ቦታ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም አልነበረም፤ እሳት አጥፊዎቹ ሲደርሱ በኃይል ክፍሉ በር ዙሪያ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይወረወር ነበር። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቀጣዩ ነው። ሕንፃው የተነደፈው አየር ራሱ እየተዘዋወረ እንዲያቀዘቅዘው ነበር፤ ብልህ አሠራር፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ። ውስጣዊ ግቢዎቹ አየሩን ወደ ላይ ይስባሉ። እሳቱ ሲነሳ እነዚያው ግቢዎች የጭስ ማውጫ ሆነው ነበልባሉን ወደ ላይ ሳቡት። ከማቀዝቀዣ አንፃር ፍጹም የሆነ ቅርፅ ከእሳት አንፃር አጥፊ ሆነ።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቶ፣ ግን ማንም ሁሉን በአንድ ላይ ያላየው ሕንፃ ነው። የማቀዝቀዣ ባለሙያው ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ እሳት የሚያስበው ሰው ደግሞ ዝግ ክፍልና ድፍን ግድግዳ። ሁለቱን አስታርቆ በአርማታ ወይም በብረት የሚጽፈው የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው።

እንጨት ግን በዚህ ምክንያት ብቻ መናቅ የለበትም። ንብርብር ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ወፍራም እንጨት በእሳት ላይ ጠርዙ ከሰል እየሆነ ውስጡን ይከላከላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ በሰሜን ቨርጂኒያ በእንደዚህ ዓይነት እንጨት፣ በብረትና በአርማታ ቅይጥ የሚሠሩ ዳታ ሴንተሮችን አስታውቋል፤ ከግንባታው የሚወጣው ካርቦን ከተለመደው የብረት ሕንፃ በ35 በመቶ፣ ከተገጣጣሚ አርማታ ደግሞ በ65 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቷል። እንጨቱን የሚያመርት ፋብሪካ እዚህ እስኪኖር ድረስ ለእኛ ሩቅ ነው።

ኮንቴይነር

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ለመጀመር ሲዘጋጅ የመጀመሪያ ዳታ ሴንተሩን ያስመጣው ተገጣጥሞ ነው፤ በጂቡቲ በኩል። ፈቃድ አግኝቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥሪ ማስተላለፍ ያለበት ኩባንያ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። የሚሠራው ሕንፃ ሳይሆን መደላድል ነው፤ ጠንካራ የአርማታ ወለል፣ አጥር፣ የኃይልና የፋይበር መግቢያ። ሌላው ሁሉ በፋብሪካ ተፈትኖ ይመጣል።

ገደቡ በአንድ ቁጥር ይታያል። የመደበኛ ኮንቴይነር ውስጣዊ ወርድ 2.35 ሜትር ያህል ነው። ራኩ 1.2 ሜትር ሲወስድ የቀረው 1.15 ሜትር ለፊትና ለኋላ መተላለፊያ መካፈል አለበት። አንድ ረድፍ ብቻ ይገባል፤ ሰውም ተጠጋግቶ ይሠራል። ስለዚህ ለዚሁ ተብለው የሚሠሩት ሞጁሎች ከኮንቴይነር ይሰፋሉ፤ ጎን ለጎን እየተጋጠሙም አዳራሽ ይሆናሉ። ለጅማሬ ጥሩ ነው፤ ለቅርንጫፍ ከተማም ጥሩ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ግን በየሞጁሉ የሚደጋገመው ግድግዳ፣ በርና ማቀዝቀዣ ዋጋውን ከሕንፃ በላይ ያወጣዋል።

በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ የተተከሉት የቢትኮይን ማምረቻዎች ኮንቴይነርና ቀላል የብረት ሼድ መጠቀማቸው ለዳታ ሴንተር ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ሥራቸው የተለያየ ነው። ያ መሣሪያ መብራት ቢጠፋ ይቆማል፤ ሲመጣ ይቀጥላል፤ በመሃል የጠፋ የማንም ገንዘብ ወይም የሕክምና መዝገብ የለም። ባንክ እንደዚያ መቆም አይችልም።

መሬቱ ምን ይላል?

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ራክሲዮና ዊንጉ የመሳሰሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተራቸውን የከፈቱበት የአይሲቲ ፓርክ ያለው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር ነው። በዚያ አቅጣጫ፣ ከቦሌ ወደ ጎሮና ወደ አቃቂ፣ በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬ መረሬ የሚለው፤ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ። ቀላል ቤትን እንኳን ግድግዳውን ሲሰነጥቅ ሁላችንም አይተናል።

በቨርጂኒያ ልማድ ከባዱን አዳራሽ በቀጥታ መሬት ላይ በተነጠፈ አርማታ ማሳረፍ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው፤ መሬቱ ራሱ ይሸከማልና። ጥቁር አፈር ላይ ግን ወለሉ በየወቅቱ ይነሳል ይወርዳል። የራኩ ረድፍ ያጋድላል፤ ከሁሉም የከፋው፣ በግትር ቧንቧ የተያያዘ የውኃ መስመር መጋጠሚያው ይላላል፤ ያውም ከሰርቨር በላይ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ጥቁሩን አፈር ጠርጎ አውጥቶ በምርጥ አፈር መተካትና በየንብርብሩ መጠቅጠቅ። ሌላው ወለሉን ከመሬት ለይቶ በግሬድ ቢምና በፓይል ወይም በጥልቅ መሠረት ላይ ማንጠልጠል። አፈሩ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ብዙም ካላለፈ የመጀመሪያው ይበጃል፤ ካለፈ ሁለተኛው። ይህንን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው፤ የአፈር ምርመራውም መሬቱ ከተገዛ በኋላ ሳይሆን ከመገዛቱ በፊት መደረግ አለበት።

ቀጥሎ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7 የደረሰው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ላይ ተሰምቷል፤ ረጃጅም ሕንፃ ላይ የነበሩ ሰዎች በደንብ አውቀውታል። ከዚያ በፊትም በ1953 ዓ.ም. ከካራ ቆሬ የተነሳው መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፍርሷል። አዲስ አበባ ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አሁን የምንጠቀመው ደንብም ከ1987 ዓ.ም.ቱ ደንብ ይልቅ ከፍ ያለ የመሬት እንቅስቃሴ እንዲታሰብ ያዛል። በደንቡ መሠረት እንደ ሆስፒታልና የእሳት አደጋ ጣቢያ በአደጋ ጊዜ መሥራት ያለበት ሕንፃ የሚነደፍበት ኃይል በ1.4 ይባዛል። የገንዘብ ዝውውርና የስልክ አገልግሎት የሚያልፍበት ዳታ ሴንተር በዚሁ ምድብ መነደፍ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መንቀጥቀጥ ከመጣ በኋላ ነው ሰው ስልኩን የሚያነሳው።

የመንቀጥቀጥ ኃይል የሚመጣው ከክብደት ነው። በካሬ ሜትር አንድ ቶን የሚመዝን ራክ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲቀመጥ ሕንፃውን የሚገፋው ኃይል ከላይ ይጀምራል። ያንኑ ራክ ምድር ላይ ብናስቀምጠው አብዛኛው ኃይል መሬቱ ላይ ይቀራል። ሲንጋፖር ውስጥ ፌስቡክ ባለ 11 ፎቅ ዳታ ሴንተር የሠራው መሬት ስለሌለ ነው። አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ መሬቱ ካለ ወደ ላይ የምንወጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ አንድ ፎቅ፣ ቢበዛ ሁለት።

ንዝረትና ጩኸት እንዲሁ መታሰብ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ብሬንዳን ግሬግ የተባለ መሐንዲስ በሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ፊት ቆሞ በኃይል ሲጮህ ዲስኮቹ እንዴት እንደዘገዩ በስክሪን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቡካሬስት ውስጥ አንድ ባንክ የእሳት ማጥፊያ ጋዙን ለሙከራ ሲለቅ ጋዙ ሲወጣ የፈጠረው ድምፅ ብቻ ብዙ ሃርድ ዲስኮችን አበላሽቶ የባንኩን አገልግሎት ለሰዓታት አቋርጧል። ጄኔሬተር ያለበት መደብ ከአዳራሹ መሠረት የሚለየውም ለዚህ ነው። ጋዝ የሚለቀቅበት ክፍል ግድግዳም ድንገተኛውን የአየር ግፊት መቋቋም አለበት፤ ግፊቱ የሚወጣበት መዝጊያም ይፈልጋል። ስስ የላሜራ ፓነል እዚህ ላይ ይደክማል።

እኔ ብሆን

ለአዲስ አበባ ከጥቂት ሜጋዋት ያልበለጠ ዳታ ሴንተር የሚያሠራ ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ እለዋለሁ። የሰርቨር አዳራሾቹ ሁሉ ምድር ላይ ይሁኑ። ዓምዱና ሶሌታው እዚያው የሚሞላ አርማታ ይሁን፤ ዓምዶቹ በ8.4 ሜትር። መንቀጥቀጡን የሚይዙት ሸር ወሎች በአጫጭሩ ጎን አቅጣጫ ይቁሙ፤ ረጃጅሙ ጎን ለአየር መግቢያ ክፍት ይቀራል። የከተማችን አየር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቀዝቃዛ ስለሆነ ያንን ክፍተት በግድግዳ መዝጋት ብክነት ነው። ግን ስትራስቡርግን አስታውሶ፣ ክፍተቱ እሳት ሲነሳ ራሱ የሚዘጋ መዝጊያ ይኑረው፤ ዩፒኤስና ባትሪ ያለበት ክፍል ደግሞ በአርማታ ግድግዳ ከአዳራሹ ይለይ። ጣሪያው ሶሌታ ሆኖ በላዩ ቀላል የብረት ጣራ ይልበስ፤ የክረምቱ ዝናብና በረዶ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ይይዘዋል።

አርማታን የምመርጠው ስለምወደው አይደለም። ሲሚንቶ አገር ውስጥ ይመረታል፤ ፌሮም እዚሁ ይጠቀለላል፤ አናጺውና ፌሮ ሠራተኛው ያውቀዋል። ትልልቁ የብረት ወራጅ ግን በውጭ ምንዛሪ ከውጭ ይመጣል፤ ጂቡቲ ላይ ሁለት ወር ቢዘገይ ብረት ያስገኛል የተባለው ፍጥነት ጠፋ ማለት ነው። የተገጣጣሚ አርማታ ዕውቀትም አዲስ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ከዩጎዝላቪያ የመጣው ቴክኖሎጂ አዲስ አበባ ውስጥ አሻራውን ትቷል። ግድግዳዎቹን በዚያ መንገድ ማሠራት ይቻላል፤ ዓምድና ወራጁ የሚጋጠሙበት ቦታ ግን በመንቀጥቀጥ ጊዜ ደካማው ነጥብ ስለሆነ ለዚያ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልጋል።

ብረት የሚገባበት ቦታም አለ፤ ከሶሌታው በታች። ቡሎን በመበሳት ፈንታ ሶሌታው ሲሞላ በየ1.2 ሜትሩ የብረት ሐዲድ አብሮ ይቀበር። ቧንቧውም ኬብሉም የሚንጠለጠለው ከዚያ ላይ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት የሚሠራ ትንሽ ሥራ ነው፤ ለ50 ዓመት ማንም ጣሪያውን እንዳይነድል ያደርጋል።

የራኩ መንገድም ይታሰብ። ራኩ ከመኪና ወርዶ ቦታው እስኪደርስ በጎማ ነው የሚገፋው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ሩቡ፣ 340 ኪሎ፣ የመዳፍ ስፋት በማይሞላ ቦታ ያርፋል። አዳራሹ ጠንክሮ ከማራገፊያው እስከ አዳራሹ ያለው ኮሪደር ለሰው መሄጃ ብቻ ከተሠራ ሥራው ጎደለ። በሩ ከ2.4 ሜትር ቁመት አይነስ፤ መድረኩ ደረጃ አይኑረው።

የመጨረሻው ማስፋፊያው ነው። በአገራችን የሚያስፋፋ ሰው ፌሮውን ከጣራው በላይ ወደ ሰማይ አቁሞ ይተዋል፤ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ፎቅ ሊጨምር። ከሥሩ ሰርቨር እየሠራ በላዩ አርማታ መሙላት ግን አይቻልም፤ ድሪሉ፣ አቧራውና የሚንጠባጠበው ውኃ አይፈቅድም። ዳታ ሴንተር የሚሰፋው ወደ ጎን ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ግድግዳ ሸር ወል ሳይሆን በቀላሉ የሚፈርስ ብሎኬት ይሁን፤ ግሬድ ቢሙ ፌሮውን ይዞ ወደዚያ ይውጣ፤ ከዚያ ግድግዳ ባሻገርም ቀጣዩን አዳራሽ የሚይዝና ክሬን የሚዞርበት ባዶ መሬት አብሮ ይገዛ።